በመጨረሻው ምዕራፍ የተቀመጠው ሒሳብ

አዲሱን የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ማውጫ ገልጦ ያየ ሰው አምስት ምዕራፎች ያገኛል። ተርታ ቁጥሮችና ድምራቸው ይቀድማሉ፤ ካልኩለስ ይከተላል፤ ከዚያ ስታቲስቲክስና ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ይመጣሉ። ብድር፣ ወለድ፣ ትርፍ፣ ግብር የሚባሉት ነገሮች ተጠቃለው የሰፈሩት በአምስተኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርትም ቦታቸው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በ11ኛ ክፍል መጽሐፍ 11ኛው፣ በ12ኛ ክፍል መጽሐፍ 9ኛው ምዕራፍ ነበሩ፤ ሁለቱም የየመጽሐፋቸው ማብቂያ ናቸው፤ ያውም ለሶሻል ተማሪዎች ብቻ የተመደቡ። ናቹራል የገባ ተማሪ ቬክተርና የሒሳብ ማረጋገጫ ዘዴ ሲማር የደመወዝ ግብር አሰላልን ሳያይ ይጨርስ ነበር። በእኛ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ምዕራፍ ዕጣ ምን እንደሆነ ደግሞ ለማንም የተሰወረ አይደለም። መጽሐፍ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ክፍለ ጊዜ ይባክናል፣ የፈተና ክለሳ ይጀመራል፤ ማብቂያው ላይ ያለው ምዕራፍ ቢበዛ በዎርክሺት ይታለፋል።

የሁለተኛ ደረጃ ሒሳባችን ችግር በመክበዱ ወይም በመቅለሉ ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም። ቅደም ተከተሉ የተሠራው ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡት ጥቂቶች ነው፤ ሁሉም የሚያልፍበት 9ኛና 10ኛ ክፍል ለካልኩለስ መንደርደሪያ ሆኖ፣ አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚጠቀምበት ሒሳብ ብዙዎች የማይደርሱበት ቦታ ተቀምጧል። ይህ አደረጃጀት ትናንት የመጣ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በኡጋንዳዋ ኢንቴቤ በተጀመረውና በአሜሪካ ገንዘብ በተደገፈው የአፍሪካ ሒሳብ ፕሮግራም ኢትዮጵያም ተሳትፋለች፤ ከዚያ የወጡት መጻሕፍት በትምህርት ቤቶቻችን ተሰጥተዋል። ያ ዘመን ምዕራቡ ዓለም በሶቪየቷ ሳተላይት በስፑትኒክ ደንግጦ ሒሳብን ከስብስብ ጽንሰ ሐሳብ መጀመር አለብን ያለበት ነበር። ዛሬም የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስብስብ ነው፤ የዚያ ድንጋጤ አሻራ እንደሆነ እገምታለሁ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ አደረጋቸው፤ ስሙ ራሱ ለምን እንደቆሙ ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. የገባው የፕላዝማ (የቴሌቪዥን) ትምህርት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ወስዶ፣ ተማሪው ገባው አልገባው ወደሚቀጥለው ርዕስ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የሰባ ሠላሳ ምጣኔ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ሰባ በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግቡ አለ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፉ ናቸው፤ ሒሳብ የሚለካው ለኢንጂነሪንግ በሚሰጠው ጥቅም ሆነ።

ይህ መንገድ ስንቱን ያደርሳል? ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበትና ኩረጃው በተገታበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ የሚጠጉ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። አኀዙ የሁሉም ትምህርቶች ድምር ስለሆነ ጥፋቱን በሒሳብ ላይ ብቻ መጫን አይቻልም። መሻሻል መኖሩም አይካድም፤ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) በኩል ዩኒቨርሲቲ የሚገቡም አሉ። ነገር ግን በሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው የማለፊያውን ውጤት አላመጣም፤ እስከ 12ኛ ክፍል ሳይዘልቅ ያቋረጠው ደግሞ ከቁጥሩ ውጭ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ እዚያ ላይ ትምህርት የሚያቆም ልጅ ያለ ብሔራዊ የምስክር ወረቀት፣ ያለ ግርግር ይጠፋል። ሱቅ የሚከፍተው፣ ባጃጅ በዱቤ የሚገዛው፣ ማኅበር አቋቁሞ ብድር የሚጠይቀው፣ ዓረብ አገር ሄዳ ደመወዟን የምትልከው በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። መጽሐፉ ለእነሱ የሚለው ነገር ቢኖር እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

የጎደለው ሒሳብ ቀላል ሒሳብ እንዳይመስል አንድ ስሌት እናንሳ። አንድ ወጣት 100,000 ብር ለአንድ ዓመት ይበደራል እንበል። ወለዱ 15 በመቶ ነው ተብሏል፤ የሚከፍለው በየወሩ ሲሆን ወለዱ ግን እስከ መጨረሻው የሚታሰበው በመነሻው ገንዘብ ላይ ነው። 115,000 ለ12 ሲካፈል በወር 9,583 ብር ገደማ ይደርስበታል። ውሉ የሚለው 15 ስለሆነ ልጁም 15 የከፈለ ይመስለዋል። ይሁንና መቶ ሺሁ ብር ዓመቱን ሙሉ በእጁ አልቆየም፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እየመለሰው ነው፤ በአማካይ የተጠቀመበት ከግማሹ ጥቂት ከፍ በሚለው ብቻ ነው። እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ ቢሰላ ትክክለኛው የዓመት ወለድ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው በ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ምዕራፍ ያለው የጂኦሜትሪክ ተርታ ድምር ነው። ሎጋሪዝምም እንዲሁ። 10ኛ ክፍል የሚማሩት ልጆች የየትኛው ቁጥር ሎጋሪዝም ስንት ነው እያሉ ሰንጠረዥና ካልኩሌተር ከሚያገላብጡ፣ በዓመት 7 በመቶ የሚወለድበት ቁጠባ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ቢጠየቁ፣ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ሲንር አራት ዓመት ሳይሞላ እጥፍ መሆኑንም ጎን ለጎን ቢያሰሉ፣ ሎጋሪዝም ለምን እንደተፈጠረ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። (ዕቁብ ላይ መጀመሪያ የወጣለትና መጨረሻ የወጣለት ሰው እኩል ብር ይዘው የተለያየ ዋጋ እንደሚያገኙ እናቶቻችን ያለ ቀመር ያውቁታል። ቀመሩን መስጠት የትምህርት ቤት ፋንታ ነው።)

ይህን ሒሳብ ወደ 9ኛና 10ኛ ክፍል እናምጣው ለሚለው ሐሳብ ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ከሁሉ የሚከብደው የእኩልነት ጥያቄ ነው። ለድሃ ልጅ የሱቅ ሒሳብ፣ ለሀብታም ልጅ ካልኩለስ ልትሉ ነው ወይ? ስጋቱ መሠረት አለው፤ በብዙ አገር «ተግባራዊ» የተባለ ሒሳብ የደካሞች ማከማቻ ሆኗል። ለዚህም ነው ሌላ የትምህርት ዓይነት ይከፈት የማልለው። የወለድና የግብር ሒሳብ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ለሁሉም፣ በአንድ መጽሐፍ፣ ከነቀመሩና ከነማረጋገጫው ይሰጥ ነው ጥያቄው። መለያየቱ ደግሞ ከወዲሁ አለ። 11ኛ ክፍል ሲገባ ሶሻልን የሚመርጠው ብዙ ተማሪ ታሪክን ወዶ ሳይሆን ሒሳብን ሸሽቶ ነው፤ የሚሸሸውም እስከዚያ ድረስ ሒሳብ ለምን እንደሚያገለግል ያሳየው ስለሌለ ነው። ከከተማ የግል ትምህርት ቤት የመጣው ልጅ ክፍተቱን በአስጠኚ ይሞላል። ገጠር ያለው በምን ይሙላው?

ቦታ የለም የሚሉም አሉ፤ መጽሐፉ እንዲሁም ሞልቷል፣ ምን ሊወጣ ነው? የሚወጣ አለ። ባለ ሁለት ልኬት ቬክተር በ9ኛ ክፍል ይሰጥና በ11ኛ ክፍል እንደገና ይመጣል፤ የፊዚክስ መምህሩም ለብቻው ያስተምረዋል። የ9ኛ ክፍሉ ቢነሳ ፊዚክስ የሚያጣው ጥቂት ነው። ስታቲስቲክስ በ9ኛ፣ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ሦስት ጊዜ ይመለሳል፤ አማካይና መካከለኛ ቁጥር ደጋግሞ ከማስላት አንዱን ዙር በዋጋ ንረትና በምርት መረጃ ላይ ማዋል ይቻላል።

ችግሩ ከመምህሩና ከቋንቋው እንጂ ከምዕራፍ ቅደም ተከተል አይደለም የሚሉት በግማሽ ልክ ናቸው። በአንዳንድ ክልሎች ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ 9ኛ ላይ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ ምልክቱን እያወቀ ጥያቄውን ሳይረዳ ይወድቃል። ይህን ችግር ምዕራፍ ማዘዋወር አይፈውሰውም። ሆኖም አዲስ ቋንቋ የሚለመደው በሚታወቅ ነገር ላይ ሲሆን ነው፤ ብድርንና ደረሰኝን በቤቱ የሚያውቅ ልጅ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ከስብስብ ትርጓሜ ይልቅ እዚህ ይከተለዋል። መምህራንን በብዛት ማሠልጠን ዓመታትና በጀት ይጠይቃል፤ ምዕራፍን ከማብቂያ ወደ መጀመሪያ ማምጣት የሚጠይቀው ውሳኔና የሚቀጥለውን ኅትመት ብቻ ነው።

ፈተናው ካልተከተለ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ይሸፍናል፤ መምህሩም ተማሪውም የሚያነቡት ፈተናው የሚጠይቀውን ነው። ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርና የፈተናዎች አገልግሎት መጽሐፉን ሲከልሱ አብረው ይቀመጡ። ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር በሚል ደረሰኝ ላይ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ስንት ነው ብለው ይጠይቁ። 172 ብር ከ50 ብሎ የሚመልሰውን ተማሪ ብዛት ይቁጠሩ፤ ትክክለኛው መልስ 150 ብር ነው።