የአጎቴ ዶልፊንና የገረጣው ፓራውልት
(ጸሐይ የበላውን የመኪና ፕላስቲክ ስለ መመለስ)

አጎቴ በነገሌ ቦረናና በክብረ መንግሥት መካከል ሰው የሚያመላልሱበት አንድ ዶልፊን ነበራቸው። ዶልፊን የምንለው እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ የዋለውን የቶዮታ ሃይኤስ ትውልድ ነው፤ አባዱላ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ነው። አጎቴ ሊሸጡት ሲያስቡ አንድ ገዢ መጣ። ሞተሩን ሳያስነሳ የፊት ፓራውልቱን በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ቀረ። «ይሄማ አርጅቷል» ብሎ ዋጋውን ሰበረው።

እኔ ያኔ የአውቶሞቲቭ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። «እኔ አለሁ አይደል!» ብዬ ለበር የተገዛ ትራፊ ጥቁር የዘይት ቀለም በብሩሽ ቀባሁት። ለጥቂት ሳምንት አማረ። ከዚያ መኪናው በታጠበ ቁጥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። አጎቴ አዩትና «ልጄ፣ ግራጫው ይሻል ነበር እኮ» አሉኝ። በዚህ ጽሑፍ ያኔ ያላወቅኩትን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለምን ይገረጣል?

ቀለም ያልተቀባው ጥቁር ፓራውልት፣ የስፖኪዮ ቤትና የበር እጀታ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራሉ። የጸሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሆኖ የፕላስቲኩን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይቆራርጣል። ገጹ በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች ይሞላል፣ ብርሃንም እዚያ እየተበተነ ጥቁሩን ግራጫ ያስመስለዋል። ውኃ የምንቀዳበት ቢጫ ጀሪካን ጸሐይ ላይ ሲከርም የሚነጣውና የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቁሩ የውኃ ታንከር ግን የተሻለ የሚቆየው ውስጡ ያለው የካርቦን ጥላሸት ጨረሩን ስለሚውጥለት ነው።

የእኛ አገር ደግሞ ይብሳል። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ጸሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን፣ አናታችን ላይ ትቆማለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥርም ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚህ ላይ የመንገዱ ቀይ አቧራ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል።

ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት

ብዙ ቦታ መኪና ታጥቦ ሲያበቃ ፕላስቲኩን በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት ይወለውሉታል። የሚያብረቀርቀው ዘይቱ ስንጥቁን ስለሚሞላ ብቻ ነው። አንድ ጉዞ ሄዶ ሲመለስ አቧራው ተለጥፎበት ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በጎማው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የመስታወትና የበር ዙሪያ ጎማ በአብዛኛው ኢፒዲኤም ከሚባል ዓይነት ይሠራል፤ ይህ ጎማ ጸሐይን ቢችልም የነዳጅ ዘይትን አይችልም። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በኋላ ዝናብ ያስገባል። ለማሳመር ብለን ተሳፋሪ ላይ ውኃ እናፈሳለን ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራ?

1. እጥበት። በፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ደጋግሞ ማጠብ፣ ሲደርቅ በአልኮል መጥረግ። ከዚያ ውኃ ይረጭበት። ውኃው እኩል ተዘርግቶ ፕላስቲኩ ከጠቆረ ገጹ ጸድቷል። ውኃው እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ግን ቅባት ቀርቷልና እንደገና ይታጠብ።

2. ጉዳቱን መለየት። ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ መለወጥ እንጂ ማሳመር አይረባውም። ገጹ ብቻ ከገረጣ ይድናል።

3. ሙቀት። የሙቅ አየር መሣሪያ ገጹን በስሱ አቅልጦ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ጥቁሩም ይመለሳል። ነገር ግን ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ኤቢኤስ ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ በማይታይ ጥግ መሞከር፣ መሣሪያውን አንድ ቦታ አለማቆም፣ ከመስታወት፣ ከቀለምና ከነዳጅ ታንክ መራቅ ያስፈልጋል። በናፍጣ ተወልውሎ ያልታጠበ ፕላስቲክ ላይ እሳት ሊነሳ ይችላል። ሙቀቱ ያለቀውን የጸሐይ መከላከያ ኬሚካል ስለማይተካ ግራጫው ከጊዜ በኋላ ይመለሳል።

4. ቀለም። እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ቀለም በቀላሉ አይዝም፣ እንደ ሰም የቀለሙን ፈሳሽ ይገፋዋል። መጀመሪያ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ በአልኮል መጥረግ፣ ከዚያ ለፕላስቲክ የተሠራ ፕራይመር በስሱ መርጨት ያሻል። በላዩ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ እያደረቁ ስስ ስስ አድርጎ መርጨት። ይህ ሁሉ በጥላ፣ ነፋሱ ሳይነሳና አቧራው ሳይንቀሳቀስ በጠዋት ቢሠራ ይመረጣል።

እንግዲህ የድሮ ሥራዬን ፍቄ፣ ፓራውልቱን ፈትቼ በዚህ መንገድ ሠራሁት። ሁለት የዝናብ ወራት አለፈበት፣ አልተላጠም። በኋላ ሌላ ገዢ መጣና «ፓራውልቱ አዲስ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ዝም አልኩ። አጎቴ ግን «አዲስ አይደለም፣ ይሄ ልጅ ነው የቀባው። ይልቅ ሞተሩን አስነሳና ስማ» አሉት። ሰውየው ሞተሩን ሰማ፣ ከሥር ገብቶ አየ፣ ከፊተኛው ገዢ በተሻለ ዋጋም ተስማሙ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ ካደረገ ወዲህ፣ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይሄዳሉ። እነሱን ማሳመር የኛ የባለሙያዎች ሥራ ነው። የቀባነውን ቀብተናል ብሎ መናገርም እንደዚሁ።