ከሰሉን የቆፈረው በጨለማ ነበር

የድንጋይ ከሰል ማለት ከመሬት ሆድ ተቆፍሮ የሚወጣ፣ እሳት ሲነካው የሚነድ ጥቁር ድንጋይ ነው። በደቡብ አፍሪካ አገር ይህ ድንጋይ በብዛት ይገኛል። ከአገሪቱ መብራት ከመቶ 80 ያህሉ የሚመነጨው ከእርሱ ነው። አብዛኛው የሚቆፈረውም በምሥራቅ በኩል ባለችው በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ነው።

ለመሆኑ ድንጋይ እንዴት ብሎ መብራት ይሆናል? ነገሩ ያን ያህል አያስቸግርም። ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን ሲያነሣው አይታችኋል። ከሰሉ መጀመሪያ እንደ ዱቄት ይፈጫል። ከዚያ በትልቅ ምድጃ ይነዳል። እሳቱ ውኃ ያፈላል። እንፋሎቱ በቧንቧ ታፍኖ በኃይል ሲወጣ ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያሽከረክራል። ከመዘውሩ ጋር የተያያዘው ጄኔሬተር ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በእኛ አገር መዘውሩን በአብዛኛው የሚያዞረው የግድብ ውኃ ነው። እዚያ ግን እንፋሎት ነው። ምድጃዎቹ ታዲያ ጥጋብ አያውቁም። በዓመት የሚበሉት ከሰል 100 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። በኩንታል ቢሰላ 1 ቢሊዮን ኩንታል መሆኑ ነው!

ኤስኮም የሚባለው የመንግሥት መብራት ድርጅት የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፈናል።) ድርጅቱ ብዙ ኃይል ያመነጭ ነበር። ለማን? በመጀመሪያ ለወርቅ ማዕድን፣ ለፋብሪካና ለነጮች ከተማ ነበር። ያን ጊዜ አገሪቱን የያዘው የነጭ ዘረኞች መንግሥት ነው። ከሰሉን የሚቆፍረው ጥቁር ሠራተኛ ቤት የሚበራው በኩራዝና በሻማ ነበር። የኤሌክትሪኩ ሽቦ በሰፈሩ አናት ላይ ያልፋል እንጂ ወደ ቤቱ አይወርድም። እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ እንኳ መብራት የነበረው ከሦስት ቤት አንዱ ያህል ብቻ ነው።

ቆፋሪው የከፈለው ግን ጉልበቱን ብቻ አልነበረም። ከመሬት በታች ሲቆፈር ጣራው እንዳይወርድ ከሰሉ ራሱ በየቦታው እንደ ምሰሶ ይተዋል። ኮልብሩክ በሚባለው ማዕድን ብዙ ከሰል ለማውጣት ሲጣደፉ ምሰሶዎቹ ሸክሙን የማይችሉ ሆኑ። ጥር 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሰሶዎቹ ተከታትለው ተደረመሱ። 435 ሠራተኞች እዚያው ቀሩ። አብዛኞቹ ከሌሶቶና ከሞዛምቢክ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። አስከሬናቸው አልወጣም፤ እስከ ዛሬም ከመሬት በታች ነው።

በ1986 ዓ.ም. ሕዝቡ ዘር ሳይለይ መረጠ። የዘረኞቹም አገዛዝ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ሽቦው በሚሊዮን ወደሚቆጠሩ ቤቶች ወረደ። ዛሬ ከአሥር ቤት ከስምንት በላይ የሚሆነው መብራት አለው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊካድ አይገባም። ሆኖም ሽቦ መግባቱና መክፈል መቻሉ ለየቅል ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለድሃ ቤተሰብ በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት በነጻ እንዲሰጥ ተደርጓል። ይህ ለአምፖልና ለሬድዮ ይበቃል። ወር ሙሉ ለማብሰል ግን አይበቃም። ስለዚህ አምፖል እየበራለት በእንጨት ወይም በዚያው በድንጋይ ከሰል የሚያበስል ቤተሰብ ዛሬም አለ። ጭሱ የሚገባውም በእናትና በልጆች ሳንባ ነው።

ሌላው ችግር ኃይሉ ማነሱ ነበር። ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ በጎተራ አይከማችም። ባትሪ አለ፤ ግን ለአንድ አገር የሚበቃውን ማከማቸት ከባድ ነው። የሚመነጨውና የሚሠራበት በየደቂቃው እኩል መሆን አለበት። ካነሰ አገር በሙሉ ሊጨልም ይችላል። ይህ እንዳይደርስ ድርጅቱ አንድ ቀን የዚህን ሰፈር፣ በማግስቱ የዚያን ሰፈር መብራት በፈረቃ ያጠፋ ነበር።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። በ1991 ዓ.ም. የወጣ የመንግሥት ጽሑፍ አዲስ ማመንጫ ካልተሠራ ኃይሉ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ እንደሚያጥር አስጠንቅቆ ነበር። ሰሚ አላገኘም። እውነትም በ2000 ዓ.ም. ኃይሉ አጠረ። የዝናቡ መብዛት ከሰሉን አረጠበው። እርጥብ እንጨት እንዴት እንደሚነድ ለገበሬ አይነገርም! ትልልቆቹ የወርቅ ማዕድኖች እንኳ ለቀናት ሥራ አቆሙ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንቱ ታቦ ምቤኪ ድርጅቱ ትክክል እንደነበረና መንግሥት እንደተሳሳተ አመኑ።

በዚያ ጊዜ አካባቢ ሜዱፒና ኩሲሌ የሚባሉ ሁለት ግዙፍ ማመንጫዎች መሠራት ጀመሩ። ብዙ ዓመት ዘገዩ፤ ብዙ ገንዘብም በሉ። ሜዱፒ ተጠናቀቀ በተባለ በሳምንቱ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ከጄኔሬተሮቹ አንዱ ፈነዳ። አሮጌዎቹ ማመንጫዎችም ጥገና አጥተው በየጊዜው ይበላሹ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መብራት ያልጠፋበት ቀን ጥቂት ነው። ገበሬውም ተጎዳ። የመስኖ ፓምፕ ቆመ፤ ወተት ማቀዝቀዣ ቆመ። የዶሮ ማረጃ ቤቶች ሥራቸው ስለተጓተተ አርቢዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ጫጩት ለመግደል ተገደዱ። ገንዘብ ያለው በጣራው ላይ የፀሐይ ኃይል ተከለ። የሌለው ወደ ሻማው ተመለሰ። ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ፈረቃው ለአሥር ወር ያህል ቆመ። በ2017 ዓ.ም. ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጥቷል። የከሰሉ ጭስ አየሩን ይበክላል፤ የምድርንም ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ኮማቲ የተባለው ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተዘጋ። በቦታው የፀሐይና የነፋስ ኃይል እንዲተከል ታቀደ። የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኞች ወደ ሌሎች ማመንጫዎች ተዛወሩ። በኮንትራት የሚሠሩት ግን ሥራቸውን አጡ። የመንደሩ ሱቅና ምግብ ቤት ደንበኞቻቸው ሄዱባቸው። በምፑማላንጋ ገና የሚዘጉ ሌሎች ማመንጫዎች አሉ። በየአካባቢያቸው የሚኖረው ሕዝብ እንጀራው ከከሰሉ ጋር የተያያዘ ነው።