አዛዡ አዲስ አበባ፥ ታዛዡ ሙጃ

በሰሜን ወሎ ደጋ፥ የግዳን ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሙጃ ከተማ አንድ ተማሪ በስልኩ የሚልከው ቃል ተራራውንና ገደሉን ተሻግሮ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ በብዙ ማስተላለፊያ ሣጥኖች ያልፋል። ለመሆኑ መንገዱን ማን ይመርጥለታል? ዛሬ ልንመረምረው የተነሣነው ጉዳይ ይህ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ተዘርግቶ ነበር። በዚያ ዘመን ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ስልከኛው ነበረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ራውተር የተባለው ሣጥን ከጎረቤቱ ጋር እየተማከረ መንገዱን በገዛ ራሱ የሚወስን ሆነ። አሠራሩ ጽኑ ነው፤ ሆኖም አዲስ ደንብ ለማውጣት የፈለገ ባለሙያ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ማዘዝ ግድ ሆነበት።

ስለዚህ በ2008 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኒክ ማኪዮንና ባልደረቦቹ ኦፕንፍሎው የተባለውን ፕሮቶኮል አስተዋወቁ። ሐሳቡ አእምሮውን ከሣጥኑ ለይቶ በአንድ መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር ማኖር፥ ሣጥኑንም ትእዛዝ ፈጻሚ ማድረግ ነው። ጉግል የመረጃ ማእከሎቹን የሚያገናኘውን መረብ በዚህ መንገድ እንደሚመራ በ2013 እ.ኤ.አ. ገልጧል። ይሁን እንጂ ሣጥኑ ከመልእክቱ ላይ ለይቶ የሚያነባቸው ነገሮች በደንቡ ተቆጥረው የተወሰኑ ነበሩ፤ በመጀመሪያ 12 የነበሩት እያደር 41 ቢደርሱም አልበቁም። በ2014 እ.ኤ.አ. የቀረበው ፒ4 የተባለው ቋንቋ ግን ሣጥኑ የሚያነበውን ባለሙያው ራሱ እንዲጽፍለት አስቻለ። እንግዲህ መጪው ጊዜ የአንድ ፕሮቶኮል ብቻ አይመስለንም።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው። መቆጣጠሪያው አዲስ አበባ፥ ሣጥኑ ሙጃ ሆኖ በመካከሉ ያለው መሥመር ቢቆረጥ ምን ይሆናል? የጥንቱ ጭቃ ሹም ክረምት መንገዱን ዘግቶበት ከበላይ ቃል ባይደርሰው፥ የመንደሩን ጠብ ሳያይ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም ነበር። የኦፕንፍሎው ደንብም ሁለት መንገድ አኑሯል። በአንደኛው ሣጥኑ አስቀድሞ የተሰጠውን ትእዛዝ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ይፈጽማል፤ ትእዛዝ ያልወጣለትን አዲስ ጉዳይ ግን መላ ሊሰጠው አይችልም። በሁለተኛው መንገድ እንደ ቀድሞው በገዛ ራሱ መወሰን ይጀምራል። በአንደኛው መንገድ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ፤ በሁለተኛው ቢያንስ እርስ በርሳቸው ይደማመጣሉ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት በላሊበላና በአካባቢው ስልክ ተቋርጦ፥ ልጅ የእናቱን ደኅንነት ሳይሰማ የሰነበተበትን ጊዜ አንዘነጋም። እንዲህ ያለውን መከራ ፕሮቶኮል አያስቀረውም። ዳሩ ግን መሥመር በጎርፍም በናዳም ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚወሰነው አስቀድሞ፥ መሣሪያው በሚገዛበት ቀን ነው።

ስለዚህ ተማሪው ይህን ሙያ ጠንቅቆ ይማር። የግዥ ሰነድ የሚፈርመው ወጣት ሹምም ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ፕሮቶኮሉ ለማንም ሻጭ ክፍት ነውን? ሁለተኛ መቆጣጠሪያ በወልድያ ወይም በደሴ ይቆማልን? መሥመሩ ሲቆረጥስ የሙጃው ሣጥን ምን እንዲያደርግ ታዟል? መልስ ያላገኘ እንደ ሆነ ብዕሩን ቢያቆይ ይሻለዋል።