አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ስለ ማሳጅ ቤት ታሪክና ሕግ

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ ነው። ሚዛን መናኸሪያ አጠገብ ባለ የመብራት ምሰሶ ላይ በእጅ የተጻፈች ማስታወቂያ ተለጥፋ ነበር። «አዲስ አበባ ለሚገኝ ማሳጅ ቤት ሴት ሠራተኞች እንፈልጋለን፤ ልምድ አያስፈልግም፤ ማደሪያ አለ» ትላለች። ከሥር ስልክ ቁጥር አለ፤ የድርጅቱ ስም ግን የለም። የዶርም ጓደኛዬ ቴፒ ያለች ታናሽ እህት አለቻት። 12ኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። ማስታወቂያዋን ለእህቷ ልትነግራት ፈልጋ ደግሞ ፈራች። «አንቺ ጋዜጠኛ ልትሆኚ አይደል የምትማሪው? እስቲ አጣሪልኝ» አለችኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የመጣ ነው። ውድ አንባብያን፣ ማሳጅ ቤት የሚባለው ንግድ ከየት መጣ? ሕጉስ ምን ይላል? ሲጠፋ የሚቀጣው ማነው? የሚሉትን ለመዳሰስ እሞክራለሁ።

ማሸት ድሮም ነበረ

መታሸት በራሱ ነውር አይደለም። አራስ በቅቤ ትታሻለች። እጁ የወለቀ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። በሰሜኑ አገር ሴቶች ወይባ ይታጠናሉ። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን የሳባቸው ፍልውሃው መሆኑ ይታወቃል። ዛሬም በትልልቅ ሆቴሎችና በስፓዎች በሙያው ሠልጥነው ወገብና ጀርባ የሚያሹ፣ በላባቸው የሚያድሩ ብዙ ናቸው። ችግሩ «ማሳጅ» የሚለው ስም ለሌላ ንግድ መጋረጃ ሲሆን ነው። ያ ሌላው ንግድ ደግሞ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው።

ከጠጅ ቤት እስከ ቡና ቤት

የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሴተኛ አዳሪነት ታሪክ በኢትዮጵያ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ነገሩን ስናየው ንግዱ ወታደር፣ ነጋዴና መንገድ ሠራተኛ የሚሰበሰብበትን ቦታ ሁሉ ይከተላል። ከተማ ሲቆረቆር ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት ይከፈታል። ባሏን የፈታች ወይም ከገጠር የኮበለለች ሴት እዚያ ኮማሪ ትሆናለች። ቀጥሎ ቢራ መጣ፤ «ቡና ቤት» የሚባለውም ተስፋፋ። እኔ የቡና አገር ልጅ ስለሆንኩ ይህ ስም ሁሌም ይገርመኛል። ቡና ቤት ገብቶ የሚጠጣው ቢራ ነው፤ ቡናው የሚፈላው እናቴ ጋ ነው!

ስሙ እኛን ባይመለከትም ነገሩ ይመለከተናል። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ሆነው የተስፋፉት የበበቃና የቴፒ ቡና እርሻዎች በለቀማ ወቅት ብዙ ወቅታዊ ሠራተኛ ይጠራሉ። ከቤተሰቡ የራቀ፣ በእጁ ደሞዝ የያዘ ወንድ ባለበት ቡና ቤትም አይጠፋም። ከዚሁ አካባቢ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልቅ ከተማ የሚሄዱ ልጆች አሉ። ገንዘቡ ወደዚህ ይመጣል፣ ልጆቹ ወደዚያ ይሄዳሉ ማለት ነው።

የጣልያኖቹ ቁጥጥር

ንግዱን በመንግሥት ደረጃ በሰፊው ለመቆጣጠር የሞከሩት ጣልያኖች ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ ለመኮንንና ለተራ ወታደር የተለያዩ ቤቶች መደቡ፤ ሴቶቹም የሕክምና ምርመራ እንዲያደርጉ ያስገድዱ ነበር። የቁጥጥሩ ዓላማ ወታደሩ እንዳይታመም ነው፤ ስለ ሴቶቹ ደኅንነት የተጨነቀ አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ነው። አንድ ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በገንዘብ መገናኘቱ ግን በዚህ ሕግ ወንጀል አልነበረም። አብሮ መኖር ተከለከለ፣ መግዛት ተፈቀደ።

ሕጋችን ማንን ይቀጣል?

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሌላ መንገድ ያዘ። በገንዘብ የምትገናኘዋን ሴት በዚሁ ብቻ ወንጀለኛ አላደረጋትም። የሚቀጣው በእሷ የሚነግደውን ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ይህንኑ አቋም ይዞ ቀጥሏል። በአንቀጽ 634 መሠረት በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደር፣ የሚያቃጥር፣ ወይም ለዚሁ ተግባር ቤት ከፍቶ የሚያስተዳድርና የሚያከራይ በእስራትና በመቀጮ ይቀጣል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ በሰው መነገድን ይመለከታል። ብዙዎቻችን «ሕገወጥ ዝውውር» ሲባል ሱዳን ወይም ዓረብ አገር ብቻ ይታየናል። አዋጁ ግን አገር ውስጥ የሚደረገውንም ያካትታል። ከሚዛን አዲስ አበባ በውሸት የሥራ ተስፋ ልጅ አታሎ ወስዶ ለወሲብ ብዝበዛ የሚያውል ሰው በዚህ አዋጅ ይጠየቃል። «ራሷ ተስማምታ ነው» ማለት አያድነውም።

ፈቃዱስ የማን ነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መሥሪያ ቤት ነው። ንጽሕናውን የሚያየው ጤና ነው። ደሞዝና ውልን የሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ ይህ አዋጅ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል። ወንጀሉ ደግሞ የፖሊስ ነው። አንድ ቤት አራት በር አለው እንደማለት ነው። ሁሉም የራሱን በር ብቻ የጠበቀ እንደሆነ መካከሉን የሚያይ አይኖርም።

ቤቱ በድንገት ሲታሸግ ምን እንደሚሆን እናስበው። በፈቃዱ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ የለም። ያከራየውም የለም። ደላላውማ ሌላ ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ እየለጠፈ ነው። እዚያ የምትገኘው ልጅቷ ናት። ሥራዋም፣ ያልተከፈላት ደሞዝም፣ ማደሪያዋም በአንድ ማሸጊያ ይቆለፋሉ። ሙያው ያላት፣ ሰው ብቻ የምታሸውም አብራ ትወጣለች። በወረቀት ላይ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ በተግባር ግን የምትጎዳው እሷ ናት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኼ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

በማሳጅ ስሟ የታወቀችው ታይላንድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው ሕግ አሻሾች ያሉበትን የገላ መታጠቢያና ማሳጅ ቤት ከጭፈራ ቤትና ከመጠጥ ቤት ጋር መዝናኛ ብላ መደበችው። ሴተኛ አዳሪነት በዚያ አገር በሕግ የተከለከለ ቢሆንም በመዝናኛ ፈቃድ ሥር ተሸፍኖ መቀጠሉ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ለጤና የሚሰጠውን ማሳጅ ለይታ የራሱ ሕግ አወጣችለት፤ አሻሿ ሠልጥና እንድትመዘገብ፣ ቤቱም ኃላፊ እንዲኖረው አደረገች። ይህ ችግሩን ሁሉ ባይፈታም ሙያተኛዋ የሙያዋ ማስረጃ በእጇ እንዲኖር አስችሏል። እኛም ብንሆን ወጌሻንና የማሳጅ ባለሙያን ከመጋረጃ ነጋዴ የምንለይበት ግልጽ መስመር ያስፈልገናል ባይ ነኝ። መጋረጃው ሲነሳ ፖሊስ አንቀጽ 634ን ይዞ ወደ ባለቤቱ መሄድ ይቀለዋል።

ወደ ምሰሶዋ ልመለስ

ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያዘጋጀሁት። የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? የጽሑፍ ውል አለ ወይ? ደሞዙ ስንት ነው፣ ማን ይከፍላል? ሰውዬው የመጀመሪያውን እንኳን አልመለሰልኝም። «ቆንጆ ነሽ? መጀመሪያ ፎቶ ላኪ» አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው ዘጋው።

ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷም ማታውኑ ለእህቷ ደወለች። እህትየው መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ «ታዲያ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሁን?» አለቻት። ለዚህ ጥያቄ እኔም ሆንኩ የጠቀስኳቸው አዋጆች መልስ የለንም። ሕግ አታላዩን ሊቀጣ ይችላል፤ ቴፒ ላይ ሥራ ግን አይፈጥርም። እኛ በጽሑፍ ሙያ የምንሠለጥን ቢያንስ አንድ ነገር እንችላለን። ስለ እንዲህ ያለ ቤት ዜና ስንሠራ የልጅቷን ፊት ከማሳየታችን በፊት ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ እንጠይቅ።

ማስታወቂያዋን ቀድጄ ጣልኳት። በሳምንቱ ሌላ ተለጥፋ አገኘሁ፤ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው፣ ስልኩ ግን ተቀይሯል።

ቸር ይግጠመን።