ጭረቱ ጌጥ ሲሆን

ዛሬ በየጓዳችን ከሸክላውና ከብረቱ ይልቅ የሚበዛው ፕላስቲክ ነው። ባልዲው፣ ሳፋው፣ ቢጫው ጀሪካን፣ የልብስ ማስቀመጫው፣ የልጆች መጫወቻ የሚሰበሰብበት ቅርጫት ሁሉ አዲስ ሳሉ ያበራሉ። ጥቂት ወራት በሽቦ ሲፈገፈጉና ሲሚንቶ ላይ ሲጎተቱ ግን ይጫጫራሉ፤ መልካቸው ይጠፋል። ያን ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ከበር ጀርባ እንደብቃቸዋለን። ቀለም ገዝተው የሚቀቧቸውም አሉ፤ ቀለሙ ግን ብዙ ሳይቆይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ይራገፋል።

ይህ የቀቢው ስንፍና አይደለም። ባልዲና ጀሪካን የሚሠሩባቸው ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን የሚባሉት ፕላስቲኮች ገጻቸው ቅባት የተቀባ ያህል ስለሆነ ውሃውም ቀለሙም ሙጫውም አጥብቆ አይዛቸውም። እንግዲህ የሚጨመርበትን የማይቀበል ዕቃ ከላዩ በመቀነስ ይጌጣል። ያው ዕቃውን ያበላሸው መጫጫር በሥርዓት ከተሠራ ጥለት ይወጣዋል። የተለጠፈ ነገር ስለሌለውም የሚላጥ ነገር የለውም።

ምሥጢሩ ያለው ብርሃኑ ላይ ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ብርሃንን እንደ መስተዋት በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ ጥርት ያለ ከሆነም ቀጥ አድርጎ ያሳልፋል። ገጹ በጥቃቅን ጭረት ሲሞላ ግን ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ዓይናችንም ያንን ነጣ ያለ ጭጋግ አድርጎ ያየዋል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቲልግማን እ.ኤ.አ. በ1870 አሸዋን በኃይል እየረጩ ብርጭቆን የማደብዘዝ ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው በዚሁ መንገድ ነው። እኛ በእጃችን እንሠራዋለን። ስለዚህ ጥለቱ በጥቁር፣ በሰማያዊና በቀይ ዕቃ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በነጭ ላይ ግን አለ ለማለት እንኳ ያስቸግራል።

ዋናው መሣሪያ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ስሙን ያገኘው ጥንት የተፈጨ ብርጭቆ በሙጫ ተለጥፎበት ይሠራ ስለነበረ ነው፤ የዛሬው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ሲሊከን ካርባይድ በሚባሉ ጠንካራ ማዕድናት ይሠራል። ከጀርባው የተጻፈው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ልም ይሆናል፤ 120 ሻካራ፣ 220 መካከለኛ፣ 400 ልም ነው። ሲገዙ ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን ይጠይቁ። ከእርሱ ሌላ መቀስ፣ ሳሙናና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ናስትሮ ይበቃል። የወረቀት ፕላስተር ግን ውሃ ሲነካው ስለሚለቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ባልዲ ለመጀመሪያ ሥራ ጥሩ ነው። በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ከአፉ ዝቅ ብሎ ሁለት የናስትሮ ቀለበቶች በአራት ጣት ርቀት ይዙሩበት። በመካከላቸው በመቀስ የተቆረጡ የናስትሮ ቁራጮች፣ እንደ ቀሚስ ጥለት በአልማዝ ቅርጽ፣ ተራ በተራ ይለጠፉ፤ ጠርዛቸው በጥፍር በደንብ ይጫን። ከዚያ ቁጥር 220 ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሮ ሳይጫኑ ማሸት ነው። ሲታጠብና ናስትሮው ሲነሣ የፈዘዘ መቀነት ላይ የሚያበሩ አልማዞች ይቀራሉ።

እጅ የሚሄድበት አቅጣጫ ራሱ ጥለት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ክብ ክብ እያሉ ሲያሹት እኩል የሆነ ጭጋግ ይወጣል። ቀጥ ብለው ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲስቡት ደግሞ እንደ ክር የሚያብለጨልጭ መስመር ይመጣል። አንዱን አራት ማዕዘን ወደ ታች፣ ጎረቤቱን ወደ ጎን እየሳቡ ቢሠሩ በአንድ ወረቀት ብቻ የሰፌድ ስፌት የሚመስል ነገር ይገኛል፤ ሰው ባልዲውን ሲያዞረው ጥላና ብርሃኑ ይለዋወጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ከአበባና ከወፍ ሥዕል ይልቅ ይህ ለፕላስቲክ ያምርበታል። አበባው ብዙ ጊዜ ልጅ የጫረው ይመስላል።

ዕቃው ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ከሥሩ ያለውን የሦስት ማዕዘን ምልክት ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የተጀመረ ነው። በውስጡ 2፣ 4 ወይም 5 ካለ ዕቃው ለስላሳ ስለሆነ ሻካራ ወረቀት ፀጉር ያወጣበታል፤ በቁጥር 400 እየረጠበ ይጨረስ። 6 ከሆነ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ እጅ አይጫንበት። ነጭ ዕቃ ላይ ለመሥራት የፈለገ ደግሞ በተማሪ ኮምፓስ ጫፍ መስመሩን ይጫር፤ ጥቁር የጫማ ቀለም አሽቶበት ወዲያው በጨርቅ ቢጠርገው ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። የተጫረ አይመለስም። በጥርስ ሳሙና ማሸት ቀላሉን ጭረት ያደበዝዘዋል እንጂ ጥልቁን አያጠፋውም። ስለዚህ አስቀድሞ ከዕቃው ሥር መሞከር ይበጃል።

ከሁሉ ይልቅ ለቤተሰብ የሚጠቅመው መብራት ሲጠፋ የምናየው ነው። ሻማ ለኩሶ ሕፃናት ባሉበት ጠረጴዛ ላይ መተው የሚያሰጋ ነገር ነው፤ የስልክ ባትሪ ደግሞ ጨረሩ ጣሪያው ላይ ይተከልና ክፍሉን ጨለማ ይተወዋል። ሁላችንም ሃይላንድ የምንለውን ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ እንውሰድ። ልጣፉን በለብታ ውሃና በሳሙና እናንሣ፤ የፈላ ውሃ ያኮማትረዋል። ውሃ እስከ አፉ ሞልተን ክዳኑን እናጥብቅ፤ አለዚያ ስናሸው ጎኑ ይሰረጉዳል። ልጆች ከናስትሮ የቆረጡትን ኮከብና ቅጠል ከለጠፉበት በኋላ ዙሪያውን በቁጥር 400 ክብ ክብ እያልን እናሸው። ውሃው ተደፍቶ፣ ጠርሙሱ ደርቆና ሥሩ በመቀስ ተቆርጦ በርቶ በተቀመጠ ስልክ ላይ ሲቆም ያው ጨረር ተበትኖ ክፍሉን በለስላሳ ብርሃን ይሞላዋል፤ ኮከቦቹም ከቀረው ተለይተው ይታያሉ። በእርሱ ውስጥ ሻማ ግን ፈጽሞ አይግባ! ይህ ፕላስቲክ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ የሚግለው የድሮ አምፑልም እንዲሁ አይሆነውም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ምግብና መጠጥ የሚነካው ገጽ አይፈግፈግ። ጭረት ውስጥ ቆሻሻና ተሕዋስያን ይደበቃሉ፤ እጥበትም አያወጣቸውም። ጆግ ወይም የውሃ ባልዲ ከሆነ ከውጭ ብቻ፣ ያውም ከአፉ ዝቅ ብሎ ይሠራ። የሕፃን ጡጦ ጨርሶ አይነካ። በደረቁ ማሸትም ብናኙን ወደ ሳንባ ስለሚያስገባ ሁልጊዜ በውሃ ይሁን። ከሥራው በኋላ የሚቀረው ነጣ ያለ ውሃ ጓሮ ጎመን ላይ አይደፋ፤ በአሮጌ ጨርቅ ይጠለል። ጨርቁ ሲደርቅ ከነብናኙ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ ከሰል ማንደጃ ውስጥ ግን አይገባም።