የውሃ መሳቢያ ሞተርን ካርቡራቶር ስለ ማጽዳትና ስለ ማሸግ

በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መነሻነት የንግድ ጣቢያ የሆነችው ጋምቤላ ከካርቱም በባሮ የሚመጡትን የእንፋሎት መርከቦች ለብዙ ዘመን ተቀብላለች፤ ስለዚህ መኪና ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በባሮ ዳር በበጋ አትክልት የሚያለማ ሰው በትንሽ የቤንዚን ሞተር ውሃ ይስባል። ክረምት ሲገባ ግን ሞተሩ ቤንዚኑን እንደ ያዘ ይቀመጣል። በኅዳር አልነሣም ይላል፤ ባለቤቱም ሞተሩ ሞተ ብሎ አዲስ እንዲሰጠው ለወረዳው ያመለክታል፤ ጉዳዩ እስኪታይ ቡቃያው ይደርቃል። ሹማምንት አዲስ ሞተር ከመፍቀዳቸው አስቀድሞ ካርቡራቶሩን ያስመርምሩ።

ቤንዚን ብዙ ወራት ሲቀመጥ፥ ይልቁንም በቆላ አገር፥ ቀላሉ ክፍል ይተንና እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ይቀራል። ይህም ቤንዚን የምታሳልፈውን እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናታል።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፥ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፥ ቤንዚኑ ተዘግቶ ካርቡራቶሩ ይፈታ። ቀዳዳዋ በማጽጃ ትታጠብ፥ በአየርም ትነፋ። በብረት ሽቦ መጎርጎር (ብዙ ሰው ይህን ይወዳል) ለስላሳውን ነሐስ አስፍቶ ሞተሩን ቤንዚን አባካኝ ያደርገዋል።

ጋስኬት የሚባለው አሮጌው ማሸጊያ፥ ብረቱ እንዳይጫር፥ በእንጨት ይፋቅ። አዲሱ ደረቁን ይግባ፤ ማስቲሽ አይቀባ፤ ፍርፋሪው ያችኑ ቀዳዳ ይደፍናልና። ብሎኖቹ ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ፤ አንዱ ብቻ ቀድሞ ቢጠብቅ ማሸጊያው ተዛብቶ አየር ያስገባል። ቤንዚኑ ተከፍቶ ጠብታ አለመኖሩ ሳይታይ ሞተሩ አይነሣ።

በግንቦት፥ ሞተሩ ከመቀመጡ በፊት፥ ታንኩ ይራገፍ፤ በካርቡራቶሩ የቀረውም አልቆ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ይሥራ።