ከቂሊንጦ ወደ ሱባ ጫካ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ጫካ ነው። «ኢማምና ጫካ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም፤ ታገሡን።

በቂሊንጦ በኮንዶሚኒየምና በፋብሪካ መሐል የሚያድጉ ልጆቻችን ትልቅ ዛፍ የሚያውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ነው ብንል ብዙም አላጋነንንም። ስለዚህ የመድረሳችንን ደረሶች ይዘን በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ሄድን።

ጫካው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወይራው ተቀላቅሎ ቆሟል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ያዩ ልጆች ለምሳ ቢጠሩ ማን ይስማ! የዛፉ ሥርና የረገፈው ቅጠል ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት ያሰርገዋል። ትንሹ አቃቂ ከዚሁ ተራራ ጎን እንደሚነሣ ስንነግራቸው፣ ቃሊቲ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው የሚሻገሩት ወንዝ መሆኑን ለማመን ተቸገሩ።

ለዙህር ውዱእ ስንዘጋጅ ለሲዋክ የምትሆን ቀጭን የወይራ ቅርንጫፍ አየንና እጃችንን ሰደድን። አንዱ ደረሳ፣ «ኡስታዝ፣ ቅጠል እንኳ እንዳትቆርጡ ብለውን አልነበር?» አለን። እውነቱን ነው፤ ጠዋት መኪና ውስጥ የተናገርነው እኛው ነን። «መፋቅ እኮ ሱና ነው» ልንል ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም ሲያደርጉ ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል። ነቂዕ የተባለውን መስክም ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለዋል። ሱባን ከመዲና ጋር ማስተካከላችን አይደለም፣ አዑዙ ቢላህ! ለሁሉም ጥቅም የተከለለን አለመንካት ግን ለሙስሊም እንግዳ ሕግ አይደለም። እጃችንን ሰበሰብን። ለልጆቹም አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኑር የተባረከ ያለው ዘይቱን ከዚሁ ከወይራችን ወገን መሆኑን አስረዳናቸው፤ የኛው ዱር በቀል፣ ፍሬውም ደቃቃ ነው እንጂ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ብርድ ስላለ ለልጆች ሹራብ ያዙ። እሳት አታንድዱ፣ ለጉሬዛ ዳቦ አትወርውሩ፣ የሃይላንዱን ላስቲክ ይዛችሁት ተመለሱ።

እኛ ስንመለስ ከችግኝ ጣቢያ አንድ የወይራ ችግኝ ገዝተን በመስጂዳችን ግቢ ተከልን። ወይራ ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ገና ከጉልበት አላለፈም። ደረሶቹ ግን ለመፋቂያው ከወዲሁ ተራ ይዘዋል።